ገዢ ከመምጣቱ በፊት፦ የውርስ ቤት፣ አቅመ ደካማ ሻጭና የደላላው ኃላፊነት



አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ይሸጣል ሲባል ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ቤቱ የውርስ ሲሆን ግን ዋጋ ወረፋ ይጠብቃል። ከእሱ በፊት ሻጩ ማን ነው? ስንት ናቸው? ሁሉም አገር ውስጥ አሉ? ከመካከላቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰ፣ የታመመ፣ ዓይኑ የማያይ፣ ማንበብ የማይችል አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይገኝ የተጀመረ ሽያጭ ወይ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወይ ለዓመታት ፍርድ ቤት ይመላለሳል።

ጥያቄዎቹን ቀድሞ መጠየቅ ያለበት ደላላው ነው።

ደላላ በከተማችን ስሙ በበጎ አይነሣም። ኪራይ ሲንር እሱ ይወቀሳል፣ ቤት ሲወደድ እሱ ይረገማል። ይሁንና አንዲት አሮጊት እናት የሟች ባላቸውን ቤት ለመሸጥ ሲያስቡ መጀመሪያ በራቸውን የሚያንኳኳው ጠበቃ ወይም የንብረት ገማች አይደለም። ሰፈሩን የሚያውቅ፣ ምናልባትም በልጅነቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ኳስ ሲጫወት ያደገ ደላላ ነው። በ2017 ዓ.ም. የሪል ስቴት ልማትን፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት ግብይትንና ግመታን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፤ የቤት ገበያው ቀስ በቀስ ሥርዓት እየያዘ ነው። ሳሎን ውስጥ፣ ቡና እየተጠጣ የሚባለውን ግን አዋጅ አይሰማውም። እዚያ የሚሠራው የደላላው ሙያና ሕሊና ነው።

ችግሩ የክፍያው ሥርዓት ላይ ነው። ደላላ የሚከፈለው ሽያጩ ሲያልቅ ነው፤ ስለዚህ ጥቅሙ ያለው በፍጥነት ውስጥ ነው። አቅመ ደካማ ወራሽን የሚጠብቀው ግን እርጋታ ነው። ጥሩ ደላላ ከመጥፎው የሚለየው ገዢ በማምጣት ችሎታው ሳይሆን፣ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ሳምንታት በሚሠራው ሥራ ነው።

ነገሩን ለማየት እንዲመች አንድ ቤተሰብ በምናባችን እንፍጠር። ቤቱ ጉለሌ ውስጥ ነው፤ ፊት ለፊት አሮጌ የጭቃ ቤት፣ ከኋላ ሁለት የሚከራዩ የሰርቪስ ክፍሎች አሉት። ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ የሠሩት ነው። አባት ሞተዋል። እናት ዓይናቸው ተዳክሟል፤ ፊደልም አልቆጠሩም። ልጆቹ አራት ነበሩ። ትልቋ ከእናቷ ጋር ትኖራለች፤ ሁለተኛው ሜሪላንድ ነው፤ ሦስተኛዋ ዱባይ ትሠራለች። አራተኛው ከአባቱ ቀድሞ ሞቶ ሁለት ልጆች ትቷል፤ አንደኛው ገና 14 ዓመቱ ነው።

ችኩሉ ደላላ ገብቶ ሳይቀመጥ፣ «እማማ፣ ገዢ እጄ ላይ አለ፤ ነገ ቀብድ ይቀበላሉ» ይላል። ሙያውን የሚያውቀው ደግሞ፣ «እማማ፣ የዋጋውን ነገር ሌላ ቀን እናወራዋለን። ዛሬ ወረቀቶቹን ያሳዩኝ» ይላል።

እናት ከቁም ሳጥኑ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ያወጣሉ። ካርታ፣ ፕላን፣ ጠርዙ የተበላ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ፣ የቤተ ክርስቲያን የጋብቻ ወረቀት፣ የሞት የምስክር ወረቀት። ደላላው አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋቸዋል። ካርታው ላይ የአያት ስም «ወልደ ሚካኤል» ተብሎ ተጽፏል። የአባት መታወቂያ ላይ «ወ/ሚካኤል» ነው። አሜሪካ ያለው ልጅ ፓስፖርት ላይ ደግሞ «ሚካኤል» ብቻ ሆኗል። ቤተሰቡ ሦስቱም አንድ ሰው መሆናቸውን ያውቃል፤ የወረዳው ሠራተኛ ግን አያውቅም። ይህ የስም ልዩነት ዛሬ ካልተያዘ፣ ገዢ ብሩን ይዞ ቆሞ እያለ ፋይሉን የሚያስመልስ እሱ ነው። የካርታው ስፋትና አጥሩ የከለለው ቦታ አንድ መሆናቸውም የሚታየው በዚህ ቀን ነው።

የአዲስ አበባን ቤት ታሪክ የማያውቅ ደላላ እዚህ ላይ ይሳሳታል። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተወለት። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ስለዚህ ልጆች «የአባታችን ቤት» ብለው ያደጉበት ቤት ካርታው ሲፈለግ የቀበሌ ቤት ሆኖ መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የተከራየ ሰው ደግሞ ቤቱን ለልጁ አያወርስም፣ አይሸጥምም። የግል ቤት ቢሆንም የሚሸጠው ቤቱና በቦታው የመጠቀም መብቱ ነው፤ መሬቱ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በዚህ ላይ አንድ መስመር አስምሯል፦ በነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓት በፊት በተያዘ ቦታ) ላይ ያለ ንብረት በውርስ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ አይገባም፤ በሽያጭ ሲተላለፍ ግን ገዢው ቦታውን በሊዝ ይይዛል። ይህ የገዢ ጉዳይ ይመስላል። ገዢ ግን የሊዙን ወጪ አስቦ ከዋጋው ላይ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሻጯም አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

አሁን ድርሻው ይቆጠር። ቤቱ በ16 ሚሊዮን ብር ይሸጣል እንበል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ ያፈሩትን ንብረት የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ስለዚህ 8 ሚሊዮኑ ከመጀመሪያውም የእናት ነው፤ ከውርሱ ጋር አይቀላቀልም። ኑዛዜ ከሌለ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 842 መሠረት የአባት ግማሽ ለልጆች እኩል ይከፈላል፤ ለእያንዳንዱ 2 ሚሊዮን ይደርሳል። ቀድሞ የሞተው ልጅ ድርሻ ለሁለት ልጆቹ ይተላለፋል፤ አንድ አንድ ሚሊዮን ማለት ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ስሌት በሁለት መንገድ ያበላሸዋል። አንዳንዱ እናትን እንደ አንድ ወራሽ ቆጥሮ ብሩን ለአምስት ይከፍላል፤ እናት ከ8 ሚሊዮን ወደ 3 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ይወርዳሉ። ሌላው ደግሞ «አባቱ ቀድሞ ስለሞተ አይመለከታቸውም» ብሎ የልጅ ልጆቹን ይረሳል። ሁለቱም ሲሆን ደላላው ዝም ካለ፣ ዝምታው ከኮሚሽኑ ጋር የተያያዘ ነው።

የተረሳ ወራሽ ደግሞ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ የወራሽነት ማስረጃ ከከተማው ፍርድ ቤቶች ይወጣል፤ ነገር ግን አንዱን ወራሽ ደብቆ የወጣ ማስረጃ ተቃውሞ ሊቀርብበትና ሊሰረዝ ይችላል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 እውነተኛው ወራሽ መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው መያዙን ካወቀ ጀምሮ ሦስት ዓመት፣ በጠቅላላው ደግሞ በመርሕ እስከ 15 ዓመት ድረስ ክስ እንዲያቀርብ ይፈቅድለታል። ዛሬ 14 ዓመቱ የሆነው ልጅ ነገ 20 ዓመት ይሞላዋል፤ ይጠይቃልም።

የዚህ ልጅ ድርሻ የራሱ መንገድ አለው። ከ18 ዓመት በታች ያለ ሰው ራሱ ውል አይፈርምም። እናቱ ወይም ሌላ ሞግዚት ስለ እሱ ትቆማለች፤ ቤት ለመሸጥ ግን ሞግዚትነት ብቻውን አይበቃም፤ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤቱ ሽያጩ ለልጁ የሚጠቅም መሆኑን ይመረምራል፤ ብዙ ጊዜም የልጁ ብር በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ ያዛል። ከወራሾቹ መካከል በአእምሮ ሕመም ምክንያት በፍርድ የተከለከለ ካለም የሚኬደው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ደላላው ገዢ ከማፈላለጉ በፊት ቤተሰቡን ወደ ጠበቃና ወደ ፍርድ ቤት መላክ አለበት።

ከሜሪላንድና ከዱባይ የሚመጣው ውክልና ሌላው አደገኛ ቦታ ነው። ልጆቹ በሚኖሩበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ውክልና ይሰጣሉ፤ ሰነዱም እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል ያልፋል። ብዙዎች «ጠቅላላ ውክልና አለኝ» ብለው ይመጣሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን በጠቅላላ ውክልና የሚፈቀደው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው ይላል፤ በአንቀጽ 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። አባቱን ያጣ ልጅ ከአሜሪካ ለቅሶ መጥቶ፣ በሳምንቱ ሲመለስ «ሁሉንም ጨርሱልኝ» ብሎ የፈረመው ወረቀት ቤት ለማከራየት እንጂ ለመሸጥ አያበቃም። ልጁ የሌላ አገር ዜግነት ወስዶ ከሆነም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 ቢጫ ካርድ ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤት የመሆን መብት ሰጥቷቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ነገር አለ፦ ደላላው ራሱ ወኪል መሆን የለበትም። «እማማ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ውክልናውን ለእኔ ይስጡኝና እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚለው ንግግር ከደግነት የተነገረም ሊሆን ይችላል። ሆኖም ሻጩን ወክሎ የሚፈርም፣ ገዢውን ያመጣ፣ ከሁለቱም ኮሚሽን የሚቀበል ሰው ለማን እንደሚሠራ ራሱም አያውቀውም። አንቀጽ 2188 ወኪሉ በውክልናው ተጠቅሞ ከራሱ ጋር የተዋዋለ እንደሆነ ወካዩ ውሉን ለማፍረስ እንዲችል ያደረገው ይህንኑ ፈርቶ ነው።

አሁን ወደ ዋጋው እንመለስ።

በልማድ ደላላ ከቤት ሽያጭ ሁለት በመቶ ገደማ ይጠይቃል። በ16 ሚሊዮኑ ላይ ሲሰላ 320 ሺህ ብር ነው። ይህ የሚታይ ክፍያ ነው፤ የሚጎዳው የማይታየው ነው። ደላላው እናትን «እጅዎ ላይ ስንት እንዲገባ ይፈልጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። የሰፈሩን የካሬ ዋጋ የማያውቁት እናት «13 ሚሊዮን ቢገባኝ እግዜር ይመስገን» ይላሉ። ደላላው በ16 ሚሊዮን ይሸጠዋል፤ 3 ሚሊዮኑ የእሱ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ 1 ሚሊዮን ተኩል የእናት፣ የቀረው የልጆችና የልጅ ልጆች ነበር። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም የተባለው በእንዲህ ያለው ቀን ይታወሳል። መከላከያው ቀላል ነው፦ የደላላው ክፍያ ገና ከጅምሩ በወረቀት ይጻፍ፣ መጠኑ የታወቀ ይሁን፣ የሚከፈለውም ስም ዝውውሩ ሲያልቅ ይሁን፤ «ከዚህ በላይ የሸጥኩት የእኔ ነው» የሚል ንግግር ግን ከሰውየው ጋር አብሮ ከቤት ይውጣ። ዋጋውን ለማወቅም አንድ ደላላ አይበቃም። በዚያው ሰሞን በሰፈሩ የተሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶችን ዋጋ ማጣራት፣ ሲቻልም ለገማች ከፍሎ ማስገመት ይገባል።

ቀብድ ደግሞ የችኮላ በር ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢተው ግን እጥፍ ይመልሳል። እናት ዛሬ 500 ሺህ ብር ቀብድ ተቀብለው፣ ነገ የዱባይዋ ልጅ «አልስማማም» ብትል፣ በአንድ ሚሊዮን ብር ተጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። የጋራ ንብረት ለመሸጥ የሁሉም ባለድርሻዎች ስምምነት ያስፈልጋልና የልጅቱ እምቢታ ቀላል ነገር አይደለም። አለመስማማቱ ከቀጠለ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ይሄዳል፤ ቤቱ በሐራጅ ተሸጦ ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁሉም ወራሾች በጽሑፍ ሳይስማሙ ቀብድ መቀበል የሻጯን እጅ በገመድ እንደማሰር ነው።

የሰርቪስ ቤቶቹ ተከራዮችም መረሳት የለባቸውም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። ገዢ «ባዶ ቤት አስረክቡኝ» ሲል እናት «እሺ» ከማለታቸው በፊት ደላላው የኪራይ ውሉን ማየት አለበት።

የውሉ ቀን ይድረስ። አንዳንድ ሰው ውል የሚፈራረመው ሆቴል ውስጥ፣ ሁለት ምስክር አስቀምጦ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ውል በሚያዋውል ባለሥልጣን ፊት እንዲሆን ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ ይህን ሥርዓት ያላሟላ የቤት ሽያጭ ውል ዋጋ የለውም ብሏል። የእኛ እናት ፊደል አልቆጠሩም፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ሕጉ ለእንዲህ ያለ ሰው የተለየ ጥበቃ አለው፦ በአንቀጽ 1728 መሠረት የዓይነ ስውር ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማና የጣት አሻራ በሥልጣኑ የሚያረጋግጥ ሹም ወይም ዳኛ ካላጸናው አያስገድደውም።

ጥሩ ደላላ ከዚህም አንድ እርምጃ ቀድሞ ይሄዳል። ከቀጠሮው ቀን በፊት ባለው ማታ ረቂቁን ይዞ ቤታቸው ይመጣል፤ ትልቋ ልጅ ወይም የሚታመን ጎረቤት ባለበት፣ ቀስ ብሎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ «እማማ፣ እስቲ ምን እንደሸጡ፣ በስንት እንደሸጡ፣ መቼ እንደሚለቁ ይንገሩኝ» ይላል። እሳቸው በራሳቸው ቃል ከመለሱ ውሉ ለፊርማ ደርሷል። «ልጄ፣ አንተ ታውቃለህ» ካሉ ግን አልደረሰም። ቀጠሮው ይራዘም።

በዚያ ማታ የሚነበበው ዋጋ እውነተኛው ዋጋ መሆን አለበት። ግብርና ክፍያ ለመቀነስ ሲባል በ16 ሚሊዮን የተሸጠን ቤት በውሉ ላይ 6 ሚሊዮን ብሎ መጻፍ በገበያው የተለመደ ተንኮል ነው። ከሕገ ወጥነቱ ሌላ፣ ጉዳቱ የሚብሰው በደካማው ወገን ላይ ነው። ገዢው 6 ሚሊዮን ከፍሎ «ውሉ ይኸው» ካለ እናት ቀሪውን በምን ያስረዳሉ? በጽሑፍ የሰፈረን ውል ይዘት በምስክር ማስተባበልን ሕጉ በመርሕ አይፈቅድም። ክፍያውም ከፊርማው ጋር በአንድ ጊዜ፣ በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር፣ በእያንዳንዱ ወራሽ ስም ይሁን። የእናት 8 ሚሊዮን በልጅ ሒሳብ፣ ይልቁንም በደላላ ሒሳብ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ማደር የለበትም።

ነገሩ አንዴ ከተበላሸ ሕጉ ፈጽሞ አይጨክንም። አንቀጽ 1710 የሰውን ችግር፣ የአእምሮ ደካማነት፣ እርጅና ወይም ግልጽ የሆነ ልምድ ማጣት መጠቀሚያ አድርጎ የተገኘ ስምምነት፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ሊፈርስ ይችላል ይላል። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ አንቀጽ 1810 እንዲህ ያለው ክስ ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲቀርብ ያዛል። ለቅሶ ላይ ያለ ቤተሰብ፣ ከቤቱ ወጥቶ ኪራይ ቤት የገባ ሽማግሌ፣ ሁለት ዓመትን ሳያውቀው ያሳልፈዋል።

የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ የሚቀለው፣ ከሁሉም የሚዘነጋው ነው፦ እናት ከዚያ ወዴት ይሄዳሉ? 8 ሚሊዮን ብር ትልቅ ገንዘብ ይመስላል። እድራቸውን፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን፣ የሚያውቁትን ጤና ጣቢያ ሳይለቁ የሚኖሩበት ቤት ግን በዚያው ሰፈር በዚያ ዋጋ መኖሩን ማንም አላጣራም። ይህን መጠየቅ የደላላ ሥራ አይደለም የሚሉ አሉ። ነው። የሚገቡበት ቤት እስኪታወቅ ድረስ የርክክቡ ቀን በውሉ እንዲራዘም ማድረግ የሚችለው፣ ገዢውንም ለዚህ ማሳመን የሚችለው እሱ ብቻ ነው። ካልሆነም ጨርሶ እንዳይሸጡ፣ ልጆቹ ድርሻቸውን ይዘው እናት በሕይወት እስካሉ ቤቱ እንዲቆይ ሊመክር ይገባል። እንዲህ የሚመክር ደላላ የዛሬውን 320 ሺህ ብር ያጣል። በዚያ ሰፈር ቀጣዩ የውርስ ቤት ሲሸጥ የሚጠራው ግን እሱ ነው።

ይህን ለምትሰሙና ለምታነቡ አንድ ጥያቄ አለ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ በዚህ ሳምንት የቤቱን ካርታ አስወጥታችሁ እዩ፤ በማን ስም ነው? ስሙ ከመታወቂያው ጋር ይገጥማል? የጋብቻ ማስረጃው የት አለ? የጎደለ ካለ ባለቤቶቹ ራሳቸው ቆመው ሊያስተካክሉት የሚችሉት አሁን ነው። ወላጆቻችሁ ካረፉና ቤቱን ለመሸጥ ካሰባችሁ ደግሞ፣ ለመጀመሪያው ደላላ «ስንት ያወጣል?» ከማለታችሁ በፊት «ምን ወረቀት ይጎድለናል?» በሉት። መልሱን የማያውቅ ወይም ጥያቄውን የሚያናንቅ ከሆነ አመስግናችሁ ሸኙትና ሌላ ፈልጉ።